አባባ ያስገቡት ውሃ

በዚያ ዓመት የውሃ መሥሪያ ቤታችን ከዋናው መስመር ወደየቤቱ የሚገባው ቧንቧ ከምን እንደተሠራ ቤት ለቤት ዞረን እንድንመዘግብ አዘዘን። ምክንያቱ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም። ከባዱን፣ ግራጫውን፣ በእጅ የሚታጠፈውን ማዕድን ማለቴ ነው። ድሮ ቧንቧ ይሠራበት ነበር። ውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው። ትልቅ ሰው ይችለው ይሆናል፤ የሕፃን ጭንቅላት ግን ይጎዳል።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። አስፈቅጄ እገባለሁ፣ ቆጣሪው ያለበትን ፈልጌ ከመሬት የሚወጣውን ቧንቧ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ማግኔት አስጠጋበታለሁ። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ በሳንቲም ጠርዝ በስሱ እፍቀዋለሁ። ቀላ ብሎ ከወጣ መዳብ ነው። ሳንቲሙ ሳሙና ውስጥ እንደሚገባ ከገባበትና ሥሩ ነጭ ሆኖ ካብለጨለጨ እርሳስ ነው። ፕላስቲኩንማ ማንም ያውቀዋል።

ሦስት ወር እንዲህ ስዞር ከረምኩ። ሰው በር ላይ ሲያየኝ ውሃ ልቆርጥ የመጣሁ መስሎት ፊቱን ያጠቁራል። አንዷን ሴትዮ “እርሳስ ካለ ልፈልግ ነው የመጣሁት” ስላት “ውይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይዘውት ሄደዋል” አለችኝ። ቢሮ ሳወራው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ። እኔም ስስቅ ቆይቼ አንድ ረቡዕ ጠዋት የእህቴን ቤት ቁጥር በዝርዝሩ ላይ አየሁት።

እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች አጥባም አጉርሳም ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ እትዬ ነው የምላት። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከወር ሃያ ቀን ቤት የለም። ቤታቸው ከአሮጌው ወፍጮ ጀርባ ያለች ባለሁለት ክፍል ናት። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ስትዳር ሌላው ሰው ድስትና ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ፣ አባታችን “እኔ እያለሁ ልጄ ጀሪካን አትሸከምም” ብለው ከመንገዱ እስከ ጓዳዋ በእጃቸው ቆፍረው ቧንቧ ዘረጉላት። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ሠፈር ሁሉም ከቦኖ በሚቀዳበት ጊዜ ጓዳዋ ውስጥ ውሃ ያላት ሙሽራ እህቴ ብቻ ሆነች። ያየ ጎረቤት ሁሉ “ለእኛስ?” ማለት ጀመረ። አባባ ደግሞ ሲለምኗቸው እምቢ ማለት አያውቁም። ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ሰው “ጋሼ ውሃ” ይላቸዋል፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

እህቴ በዚያ ቤት ሦስት ጊዜ ፀንሳ ሦስቱም ወረደባት። አራተኛዋ ተረፈች። እሷን ትንሿ እንላታለን፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ሆዴን ትላለች፣ ያለ ነገር ትነጫነጫለች፣ ትናንት የቆጠረችው ፊደል ዛሬ ይጠፋባታል። አስተማሪዋ “የልጅሽ ልብ ክፍል ውስጥ የለም” ብላ እህቴን አስለቅሳታለች። ይቺን ልጅ እህቴ እንደ እንቁላል ነው ያሳደገቻት። ከተወለደች ጀምሮ ያልፈላ ውሃ በአፏ ዞሮ አያውቅም።

ስገባ እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና “በመንግሥት ልብስ መጣሽብኝ? ምን አጠፋሁ?” አለችኝ።

“ቧንቧሽን ልይ።”

“የአባባን ቧንቧ? እሱንማ ሌላ ሰው ይየው። አንቺ ታዳያለሽ።”

ጓዳዋ ገባሁ። ቧንቧው ከዱቄት ጣሳው ጀርባ ከወለሉ ይወጣና ወደ ቆጣሪው ይታጠፋል። ስንት ዓመት እዚያ ጓዳ ስገባ ስወጣ አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም። አጎንብሼ ጠረግኩት። የመሥሪያ ቤቱ የቤት ካርድ ላይ “ብረት” ተብሎ ተጽፏል። ማግኔቱን ሳስጠጋው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ትንሿ ሮጣ አነሳችውና የወንበሩ እግር ላይ እየለጠፈች ትስቅ ጀመር። ሳንቲሜን አውጥቼ ፋቅ አደረግኩት። ጭረቱ እንደ አዲስ ማንኪያ አብለጨለጨ። ከቆጣሪው ሥር ያለው መጋጠሚያም፣ እርሳስ ሲበየድ እንደሚሆነው፣ እንደ ሽንኩርት አብጧል። ይህን በሰው ቤት ሳይ “እርሳስ” ብዬ ጽፌ እወጣለሁ። እዚያ ግን ጉልበቴ መሬት ላይ እንዳለ ቀረሁ።

“ምነው ፊትሽ?” አለች እህቴ።

“እርሳስ ነው።”

ትንሿ ቀና ብላ “የጠፋብኝ ነው?” አለችኝ።

ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ የያዘችው አንድ ነገር ነበር። “እኔ ግን አፈላለሁ” አለች። “አንድም ቀን ሳላፈላ አጠጥቻት አላውቅም። ጠይቂያት።”

“እትዬ፣ ማፍላት ተሕዋስን ነው የሚገድለው። እርሳስን ምንም አያደርገውም።”

“አይቀንሰውም?”

ጨርቄን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሷ ግን ዓይኔን አልለቀቀችም።

“ውሃው ይተናል፤ እሱ አይተንም” አልኳት። “ስለዚህ ሲፈላ ይበረታል።”

ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ይፈላ ነበር። ሄዳ እሳቱን አጠፋችው። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ በሁለት እጇ አንስታ ደጅ ወጥታ ደፋችው። ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጧል።

“አባባ ያውቁ ነበር?”

“እኔ እንጃ።”

“ጠይቂልኝ። እኔ ልጠይቃቸው አልችልም። ጠይቂና እንዳለ ንገሪኝ።”

ከዚህ ውሃ እንዳይጠጡ፣ እንዳያበስሉበትም አልኳት። በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ቧንቧውን ሳይከፍት፣ መጀመሪያ የወረደውን ውሃ በሊትር ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ። ትንሿንም ለደም ምርመራ ወሰድናት። የሁለቱም ውጤት በሳምንቱ መጣ። የውሃው ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ነበር። የልጅቷን ወረቀት ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

“ከውሃው ካራቃችኋት ደሟ ቀስ እያለ ይጠራል” አለች። “እስካሁን የጎዳው ግን...” ብላ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እህቴ ስለሦስቱ ጽንሶች ጠየቀቻት። “ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አሁን ማወቂያ የለንም” አለቻት። ሰው ግን የሚያድረው ከ“ሊሆን ይችላል” ጋር ነው። እህቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቀጥ ብላ ስትሄድ አይቻት አላውቅም።

አባባ ጋ የሄድኩት ከሐኪም ቤት በቀጥታ ነው። አባባ ብቻቸውን የሚኖሩባት ክፍል ግድግዳዋ በመፍቻና በቧንቧ ቁርጥራጭ የተሞላች ናት። ጡረታ ከወጡ በኋላም የጎረቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ከብሎን ጣሳቸው የቧንቧ መዝጊያ ጎማ እየመረጡ ነበር።

“አባባ፣ የእትዬን ቧንቧ ከየት ነበር ያመጡት?”

ፊታቸው በራ። “ከድሮው የልብስ ማጠቢያ ቤት። ሲፈርስ ቧንቧውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። እንዴት ያለ ዕቃ መሰለሽ! እንደ ገመድ ይጠቀለላል። ድንጋይ ቢገጥምሽ ዙሪያውን ታጥፊዋለሽ እንጂ አትቆርጪውም። የዛሬው ፕላስቲክ ዕቃ ነው እንዴ?”

“እርሳስ ነው አባባ።”

“እርሳስ ነዋ! ታዲያ ምን መስሎሽ ነው?”

ነገርኳቸው። የውሃውን፣ የደሙን፣ ሐኪሟ ያለችውን። ጽንሶቹን ዘልዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ደረሱበት። “ወርደው የነበሩትስ?” አሉኝ። የሐኪሟን ቃል ደገምኩላቸው። በእጃቸው የያዙት ጎማ ወደቀ፤ አላነሱትም።

“ሰምቼ ነበር” አሉ።

“ምን?”

“ሙያ ያስተማረኝ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ‘ይሄ ነገር ለመጠጥ ደግ አይደለም’ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ሲጠጣው ኖሮ በእርጅና ነው የሞተው። እኔም ጠጥቼዋለሁ። ምን ሆንኩ? አልኩ። የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።” ግድግዳውን እያዩ ነበር የሚናገሩት። “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ የወንዙ ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ።”

በማግስቱ ጠዋት ገና ቢሮ ሳልደርስ የእህቴ ጎረቤት ደወለችልኝ። ጋሼ ውሃ ዶማ ይዘው መንገዱን እየቆፈሩ ነው አለችኝ። ሮጬ ስደርስ ኮታቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለዋል፤ ጉድጓዱ ጉልበታቸው ደርሷል። በሰባ አራት ዓመታቸው! የእህቴ መጋረጃ ተዘግቷል፤ ከኋላው ግን እንደቆመች አውቄያለሁ።

“አባባ፣ ያቁሙ!”

“በእጄ ያስገባሁትን በእጄ ላውጣው።”

“ዶማው ከነካው ያበቃል። ውስጡ የጋገረው ሁሉ ተራግፎ ወደ ቤት ይገባል። ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ከቀረም ያው ነው፣ ይብሳል። ከመንገዱ እስከ ጓዳ በአንድ ቀን ሙሉውን ነው የምንቀይረው። ተራ አለው።”

ዶማቸውን ተደግፈው አዩኝ። እንደዚያ ዓይነት ዓይን በአባቴ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

“ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?”

 ሥራዬ ነውና አንድ ነገር መጣልኝ። “ያ ጥቅል ቧንቧ ስንት ሜትር ነበር?”

“ወደ ሁለት መቶ።”

“ለእትዬ የገባው ሃያ አይሞላም። የቀረውስ?”

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የዳቦ ቤቱ። የልብስ ሰፊዋ። የአስተማሪው። ሁለቱ ወንድማማቾች። እጃቸው አልበቃ ብሎ እንደገና ከአውራ ጣታቸው ጀመሩ። ከእህቴ ቤት ጋር አሥራ አንድ ቤት ሆነ። በእኛ ካርድ ላይ ሁሉም “ብረት” ወይም “አይታወቅም” ተብለው ነው የተመዘገቡት። በተራው ቢጠበቅ የመጨረሻዎቹ ጋ የምንደርሰው ከዓመት በኋላ ነበር።

“በሉ ይምሩኝ” አልኳቸው።

ሦስት ቀን ዞርን። እኔ በር አንኳኩቼ ልናገር ስል እሳቸው እጄን ይይዙኛል። ኮፍያቸውን ያወልቁና አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ፦ “ውሃ ያስገባሁላችሁ እኔ ነኝ። ቧንቧው መርዝ አለው። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።” ከዚያ ወደ ጎን ይላሉ፤ እኔ ገብቼ እፍቃለሁ። አንዱም ቤት አልተሳሳቱም። አሥሩም ጋ ጭረቱ አብለጨለጨ።

ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። “ጋሼ ውሃ፣ እኔ እንደሆንኩ ድንጋይም ብጠጣ አልሞትም። ይግቡና ትኩስ ዳቦ ይቅመሱ” አላቸው። ዳቦው የሚቦካው በምን ውሃ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በአፏ እንደያዘች ሰማችን። ስንጨርስ አውጥታ፣ “እኔኮ ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር ነው እርስዎን የምመርቀው” አለች። አልተቆጣችም። ይቺ ነገር አባባን ከስድብ በላይ መታቻቸው፤ ከግቢዋ ስንወጣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሄዱ።

አስተማሪው በሁለተኛው ቀን ነበር። ጡረታ የወጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። አንድ ልጅ አለው፤ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሞ ትምህርቱን ያቋረጠ። እኛ ስንገባ ልጁ ሳሎን ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ይታገል ነበር። አስተማሪው የአባባን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ።

“ሕፃን ልጅ ቢጠጣው ምን ያደርገዋል?”

የመለስኩለት ሁልጊዜ የምለውን ነው፤ ከመመሪያው ቃል በቃል። መማር ይከብደዋል፣ ማስታወስ ይከብደዋል፣ ይበሳጫል።

አስተማሪው ወደ ልጁ ዞሮ አየው። “እኔ ሰነፍ ነው ብዬ በቀበቶ ነው ያሳደግኩት” አለ። “ስንት የሰው ልጅ አስተምሬ የኔ ሲሰንፍ አፍሬበት... ይሄን ነው የምትነግሩኝ?”

 አስተማሪው እስከ በሩ ሸኘን። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ የቁልፉን ድምፅ እንኳ አልሰማንም። ቢወረውረው ይሻል ነበር።

መንገድ ላይ አባባ “እህትሽ ምን ጠየቀችሽ?” አሉኝ።

“ያውቁ ነበር ወይ ብላ።”

“ምን አልሻት?”

“ገና አልነገርኳትም።” እውነቱን ለመናገር “አያውቁም ነበር” ልላት ቆርጬ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ እሷም ቆስላለች፣ አንዲት ቃል ለሁለቱም መጠለያ ትሆናለች ብዬ።

ልቤን ያነበቡት ይመስለኛል። “አትዋሺላት” አሉኝ። “አንድ ጊዜ ሰምቼ ዝም ያልኩት ይበቃል።”

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ ሄድኩ። እህቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። ትንሿ ወለሉ ላይ ተኝታ ያንኑ አንድ ፊደል ደጋግማ ትጽፋለች።

“ጠየቅሻቸው?”

“ጠየቅኳቸው። ሰምተው ነበር። ግን አላመኑም፤ ወሬ ነው ብለው ተዉት።”

የትንሿን ሹራብ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። “ይሄን ጊዜ ሁሉ ስመርቃቸው፣” አለች፣ “ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው አሜን ይሉ ነበር።”  ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባባ ሲመጡ በሩ አይከፈትም። ሁለት ጊዜ አንኳኩተው ተመለሱ፤ ሦስተኛውን አልሞከሩም። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ሊያስታርቅ ፈልጎ ነበር። “አንተ አትግባበት” አለችው፤ እሱም የሴት ልጅና የአባቷ ነገር ነው ብሎ ተወው።

ሰፈሩም ቀዘቀዘባቸው። የሰደባቸው የለም። ብቻ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ሰው ሌላ ሠራተኛ መጥራት ጀመረ። ልጆች ሲያልፉ “ጋሼ ውሃ” ብለው ይጮሁላቸው ነበር፤ እሱም ቀረ። አባባ ቀኑን ሙሉ በራቸውን ገርበብ አድርገው መቀመጥ ያዙ።

እኔ አለቃዬን ጨቅጭቄ አሥራ አንዱን ቤቶች ወደ ፊት አመጣኋቸው። የእህቴ ተራ የደረሰው በሁለት ወሩ ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከነመኪናቸው መጡ። አባባ ቀድመዋቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆመው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አልተጠጉም፣ ለማንም ሰላም አላሉም። ቦዩ ተከፈተ፤ ያ ግራጫ ቧንቧ አንዱን ድንጋይ ዞሮ፣ የዛፉን ሥር ዞሮ፣ አባባ እንዳሉትም እንደ ገመድ ተጋድሞ ወጣ። ዋናው ሠራተኛ የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቅ “የዘረጋው ሰው ግን እጁ ባለሙያ ነበር” አለ። አባባ ይሰሙታል፤ አንገታቸውን ደፉ። ሠራተኞቹ እየቆራረጡ መኪናው ላይ ሲወረውሩት ድው፣ ድው ይል ነበር።

ቀትር ላይ ፀሐዩ ከረረ። አባባ አልተንቀሳቀሱም። እህቴ ከጓዳ ወጣች፣ በአጥሩ ቀዳዳ አየቻቸው፣ ተመልሳ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ትንሿ ወንበር እየጎተተች ወጣች። መኪና እንዳይመጣ ግራ ቀኝ እያየሁላት ተሻገረች።

“እማዬ ይቀመጡ በያቸው አለችኝ” አለቻቸው።

አባባ ወንበሩን አዩ፣ ከዚያ የተዘጋውን በር አዩ። ተቀመጡ። ትንሿ ጉልበታቸው ሥር ቆማ ምን እንደሆነ ያልሰማሁትን ነገር ታወራላቸው ጀመር፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ፀጉሯ ሰደዱና ሳይነኳት መለሱት። ወዲያው ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ልጅቷን ጠራት። ሮጣ ገባች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አዲሱ መስመር ተያይዞ አለቀ። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው መጀመሪያ ጭቃ መሰለ፣ ቀጥሎ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ። ዋናው ሠራተኛ ለግማሽ ሰዓት እንዲፈስ ይተዉት ብሎ ሄደ። እህቴ እጆቿን አጣምራ ሲፈስ ታየዋለች። “እንኳን ደስ አለሽ” ልላት ብዬ ቃሉ ቀፈፈኝ።

ትንሿ ከስድስት ወር በኋላ በደሟ ያለው እርሳስ ወደ ግማሽ ወርዷል። አንደኛ ክፍልን ደግማለች። አንዳንድ ቀን ፊደሉን ሁሉ ትወጣዋለች፤ አንዳንድ ቀን የራሷን ስም ጀምራ መሐል ላይ ቀና ብላ ታየናለች። ሐኪሟ ታገሡ ትለናለች፤ እንታገሣለን።

ቧንቧው የተቀየረ ቀን ግን አባባ ሠራተኞቹ መኪናቸውን አስነስተው እስኪሄዱ ጠበቁ። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ተሻገሩና የእህቴ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። በሩን አላንኳኩም። ጥቂት ቆሙ፤ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ይሰማቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ በቀስታ እየተራመዱ ሄዱ። እህቴ ወንበሩን ያስገባችው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው አድሮ ነበር።